ቴስቶስትሮንህ 287 ነው መርፌ ጀምር ተባልኩ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሌሊት ሹፌር (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ የወንድ ጉዳይ ናት ግን ሴቶችም ብትመልሱ ደስ ይለኛል፣ በተለይ ጤና ላይ የምትሰሩ ካላችሁ። ዕድሜዬ 38 ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጃችን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ አሁን ሁለተኛ እንድገም እያልን ነው። ሥራዬ ሌሊት ነው፣ ኤርፖርት ነው የምመላለሰው፣ ጠዋት እገባለሁ፣ እተኛለሁ እላለሁ እንጂ ልጅቷ ቤት ስላለች ማንቀላፋት ነው በሉት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ድክም ይለኛል፣ ቦርጭ መጥቷል፣ ነገር ቶሎ ይከነክነኛል፣ እውነቱን ለመናገር ፍላጎቴም ቀንሷል፣ ሚስቴ ምንም አላለችኝም እኔ ግን ይታወቀኛል።

ስልኬ ላይ ደግሞ አንዴ ስለዚህ ነገር ከፈለግኩ በኋላ ማስታወቂያው አላስቀምጥ አለኝ፣ ጉልበትህን መልስ፣ ወጣትነትህን መልስ ምናምን። አንዱ የወንዶች ክሊኒክ ነው የሚባል ቦታ ሄድኩና ከሰዓት ወደ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደም ሰጠሁ (በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ምሳዬን በልቼ። ወዲያው በማግስቱ ደወሉ፣ ቴስቶስትሮንህ (የወንድ ሆርሞን የሚሉት) 287 ነው፣ ከ300 በታች ስለሆነ ሎው ቲ (ዝቅተኛ ቴስቶስትሮን) ነው የሚባለው፣ በሳምንት አንዴ ራስህ ቤትህ የምትወጋው የቴስቶስትሮን መርፌ እንላክልህ አሉኝ። ኢንሹራንስ አይቀበሉም፣ በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥ ነው። ዶክተር የሚባል ሰው በዓይኔ አላየሁም፣ በስልክ ያናገረችኝ ልጅ ናት ሁሉን የጨረሰችው።

287 በእውነት ዝቅተኛ ነው? አንዴ ከጀመርክ ዕድሜ ልክህን ነው የሚባለውስ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያደከመህ ጾሙ ነው፣ ጥሬ ሥጋ ብላ ይስተካከላል ይላል። እስቲ የምታውቁ አንድ በሉኝ።


ብረት አንሺ

ብሮ አትጨነቅ፣ መርፌ ምናምን ውስጥ አትግባ። በቀን 6 እንቁላል፣ አብሽ ማታ ዘፍዝፈህ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጣው፣ ዚንክ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ እግር በደንብ ሥራ። በወር ውስጥ አንበሳ ትሆናለህ። ፈረንጆቹ አብሹን በካፕሱል አሽገው በ40 ዶላር እየሸጡልን እኮ ነው፣ እኛ እናታችን ኩሽና ውስጥ በነፃ አለ።


ላብራቶሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

ስለ ቁጥሩ እኔ ልመልስልህ፣ ሥራዬ ስለሆነ። በዚያ ሰዓት የተወሰደ ደም ላይ ተመስርቶ መድኃኒት መጀመር ትክክል አይደለም፣ ውጤቱን ያወጣው ማሽን ልክ ቢሆን እንኳን።

ቴስቶስትሮን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው ተኝቶ ሲያድር ይጨምርና ጠዋት ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ማታ እየወረደ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ስጡ የምንለው (በሀበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፣ እዚያ ያላችሁ 7 እስከ 10 በሉት፣ አንዱ ደንበኛችን ከውጭ መጥቶ በ7 ሰዓት ና ስንለው በእነሱ 7 መስሎት ገና በራችን ሳይከፈት ቆሞ ጠብቆናል)። ሁለተኛ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ በተለይ ስኳርነት ያለው ነገር ከሆነ ቁጥሩን ለተወሰነ ሰዓት ያወርደዋል፣ ስለዚህ በባዶ ሆድ ነው የሚመረጠው። አንተ ምሳ በልተህ ነው የሄድከው፣ ከሰዓት ነው፣ ሌሊቱን ደግሞ ስትነዳ አድረሃል። 287 ቢወጣ ምን ይገርማል፣ እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በታች አለመውረዱ ነው።

ያ 300 የሚሉት ቁጥር የመጣው ከአሜሪካ የዩሮሎጂ ማህበር መመሪያ ነው፣ የ2018ቱ። ግን እዚያው መመሪያ ላይ ሁለት የተለያየ ቀን፣ ሁለቱም ጠዋት በማለዳ ተለክቶ ከ300 በታች ሲሆን፣ እሱም ምልክት ካለ ነው ይላል። ሰዎቹ ቁጥሩን ወስደው ሌላውን ተውት። የኢንዶክራይን (የሆርሞን ሐኪሞች) ማህበሩ ደግሞ ጤነኛና ያልወፈሩ ከ19 እስከ 39 ዓመት የሆኑ ወንዶች ላይ ከ264 እስከ 916 ያለውን ነው እንደ ኖርማል የሚያየው። በዚያኛው ሂሳብ አንተ በከሰዓትም ውስጡ ነህ።

ሌላው፣ አጠቃላይ የሚባለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ደም ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው፣ አንዱ አልቡሚን ነው፣ አንዱ ኤስኤችቢጂ የሚባለው ነው፣ ነፃ ሆኖ የሚገኘው 2 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው። ሰው ቦርጭ ሲያወጣና ኢንሱሊኑ ሲጨምር ኤስኤችቢጂ ይቀንሳል፣ እሱ ሲቀንስ አጠቃላዩ ቁጥር አብሮ ይወርዳል፣ ነፃው ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ድንበር ላይ ላለ ሰው ኤስኤችቢጂ አብሮ ታዝዞ ነፃው በሂሳብ ይወጣል።

ለሌሎቻችሁም፣ ዩኒቱን እዩ። እዚህ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ውጤት የሚወጣው በናኖግራም በሚሊሊትር ነው፣ አሜሪካ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ አውሮፓ በናኖሞል በሊትር። ያንተ 287 እኛ ጋ ቢሆን 2.87 ነው፣ አውሮፓ ወደ 10 ነው። ባለፈው አንድ ልጅ 5.1 የሚል ወረቀት ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣ፣ ዩቲዩብ ላይ ከ300 በታች በሽታ ነው ሲሉ ሰምቶ። የሱ 510 ማለት ነው እኮ፣ ከብዙዎቻችን ይሻላል ብዬ ሸኘሁት።


ሲስተር (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ እኔ ነርስ ነኝ፣ ጽሑፍህን ሳነብ የደነገጥኩት ቁጥሩ ላይ አይደለም። ሁለተኛ ልጅ እየሞከርን ነው ብለሃል። ክሊኒኩ መርፌው የዘር ፍሬህን ሥራ እንደሚያስቆም ነግሮሃል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጎል ሥር አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች፣ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ትልካለች። ኤልኤች የዘር ፍሬውን ቴስቶስትሮን አምርት ይለዋል፣ ኤፍኤስኤች ደግሞ ስፐርም በማምረቱ ያግዛል። ከውጭ በመርፌ ሲገባ አንጎል ደሙ ውስጥ በቂ እንዳለ ያያልና ሁለቱንም ይዘጋል። ያኔ ደምህ ውስጥ ያለው ቁጥር ያምራል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ግን ይወርዳል፣ ስፐርም ለመሥራት የሚያስፈልገው ደግሞ ፍሬው ውስጥ ያለው ነው። ይሄ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይድ ኢፌክት እንዳይመስልህ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስትሮን በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም እየወጋ እንደ ወንዶች የወሊድ መከላከያ የሞከረው እኮ ነው፣ በ1990 እና በ1996 ውጤቱ ወጥቷል፣ ብዙዎቹ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ስፐርማቸው ወይ ጠፋ ወይ በጣም አነሰ። ሲቆም አብዛኛው ሰው ላይ ይመለሳል፣ ግን ከ6 ወር እስከ ዓመት ይወስዳል፣ ከዚያም የሚዘገይ አለ። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ሐኪሞች የሚሄዱበት ሌላ መንገድ አለ፣ ክሎሚፌን ወይም ኤችሲጂ የሚባሉ አሉ፣ የራስን ማምረቻ የሚያነሳሱ፣ እነሱም ቢሆኑ ስፔሻሊስት ካየህ በኋላ ነው።

መርፌውን ፈርተህ ጄሉ ይሻለኛል እንዳትል ደግሞ፣ እሱም ያው ስፐርሙን ያጠፋል። በዛ ላይ ትከሻህ ላይ ተቀብተህ ልጅህን ስታቅፍ ቆዳዋ ላይ ያልፋል። ያለ ዕድሜያቸው የብልት ጸጉር ያወጡ ሕፃናት ተገኝተው ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2009 በሳጥን ውስጥ የሚጻፈውን ትልቁን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል።

አሁን ድካምህን እንይ። አንድ ቀላል ጥያቄ፣ ታንኮራፋለህ? ሚስትህን ጠይቃት እንጂ አንተ አታውቀውም። ቦርጭ ያለው፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም) ነው። እሱ ራሱ ቴስቶስትሮን ዝቅ ከማለት ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሳይታከም ቴስቶስትሮን ሲወሰድ ደግሞ አፕኒያው ሊብስ ይችላል። አንተ ደግሞ ሰው ጭነህ የምታድር ሰው ነህ። እንቅልፍን ራሱን ብትለው፣ በ2011 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 10 ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ አስተኝተዋቸው የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ወርዷል። ልጆቹ በሃያዎቹ ያሉ ናቸው። አንተ ስንት ወር ሙሉ ነው እንዲህ የምትተኛው?

ከዚያ ውጪ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ድብርት አለ። ድብርት ስል አትቆጣ፣ የኛ ወንዶች ድብርት ከሚባሉ ሆርሞን ቢባሉ ይመርጣሉ። መደበኛ ዶክተርህ ጋ ሂድ፣ በኢንሹራንስህ።


የሌሊት ሹፌር

ኧረ ስለ ስፐርሙ ማንም አልነገረኝም! ሁለተኛ ልጅ እንደምንፈልግ ፎርሙ ላይ ጽፌላቸው ነበር እኮ፣ ልጅ ለመውለድ አስበሃል ወይ የሚል ሳጥን ነበረበት፣ አዎ ብዬ ነው የሞላሁት። መድኃኒቱ እንዳይላክ አሁኑኑ ደውዬ አቁሜያለሁ።

ማንኮራፋቱን ሚስቴን ጠየቅኳት። መልሷን እዚህ አልጽፈውም።

እሺ ሲስተር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነት ዝቅ ብሎ ቢገኝ እና ልጅ ከወለድን በኋላ መርፌውን ብጀምር ድካሙ ይለቀኛል? ማስታወቂያው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጉልበት በጉልበት ሆንን ነው የሚሉት።


ሲስተር (ቨርጂኒያ)

ማስታወቂያ ላይ ደክሞኛል የሚል ሰው አይቀጥሩም። በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 790 ወንዶች፣ ሁሉም ቁጥራቸው በእርግጥ ዝቅ ያለ፣ ግማሹ ቴስቶስትሮን ጄል ግማሹ ባዶ ጄል ለአንድ ዓመት ተቀቡ። የወሲብ ፍላጎት ላይ መጠነኛ መሻሻል ታየ፣ ስሜታቸውም ትንሽ ተሻሻለ፣ ድካም ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም። አንተ ዋናው ችግሬ ያልከው ደግሞ ድካሙን ነው። ኤፍዲኤም በ2015 ይሄ መድኃኒት በታወቀ በሽታ ምክንያት ለወረደበት ሰው እንጂ በዕድሜ ብቻ ለወረደበት አልተፈቀደም ብሎ ላቤሉ ላይ አስጽፏል፣ ያ ማስታወቂያ ያንን አያነብልህም።


በሐኪም ትእዛዝ የምወጋው (ዳላስ)

ሲስተር ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ግን ሰው መርፌውን እንደ መርዝ እንዳያየው እኔም ልጨምር፣ እኔ ከሚወጉት አንዱ ነኝ፣ 44 ዓመቴ ነው። እኔን ያመመኝ ፒቱታሪዬ ላይ የበቀለ እጢ (ቲዩመር) ነው። ራስ ምታት ነበረኝ፣ ጺሜን በሳምንት አንዴ ብላጨው የሚበቃኝ ሆንኩ፣ መንገድ ላይ ስነዳ ከጎን የሚመጣ መኪና አይታየኝም ነበር፣ መነጽር ልቀይር ዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ ነው የጎን ዕይታህ ጠብቧል፣ አንጎልህ ይታይ ያለኝ። የኔ ቁጥር 90 ነበር፣ ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ ተለክቶ። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፣ እጢው ወጣ፣ ፒቱታሪው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ስለዚህ ቴስቶስትሮን ለኔ ቅንጦት አይደለም። አጥንቴ ሳስቶ ነበር፣ ደሜ አንሶ ነበር፣ ሁለቱም ተስተካክሏል። ቴስቶስትሮን የአልጋ ነገር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ያናድዱኛል፣ አጥንትም፣ ጡንቻም፣ ቀይ የደም ሴልም ይፈልገዋል።

ታዲያ የትኛው ሰው እንደኔ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ ዝቅ ካለ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን ይታዘዛል። ኤልኤች ከፍ ብሎ ቴስቶስትሮን ዝቅ ካለ ችግሩ ራሱ ፍሬው ላይ ነው፣ ጆሮ ደግፍ ይዞት ወደ ፍሬው የወረደበት ሰው አለ፣ በተፈጥሮ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም ይዞ የተወለደ አለ፣ ኬሞቴራፒ የወሰደ አለ። ኤልኤችም አብሮ ዝቅ ካለ ደግሞ ላኪው ነው የተኛው ማለት ነው፣ እንደኔ እጢ ሊሆን ይችላል፣ ወይ የሕመም ማስታገሻ ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው ይሆናል፣ ወይ ውፍረት። አንተን ያናገሩህ ሰዎች ይሄን ሳያዩ መርፌ ቢጀምሩልህ ኖሮ እኔ ቦታ የነበረ ሰው እጢው ውስጥ ውስጡን እያደገ ቁጥሩ አማረልኝ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ለኔ ትልቁ ጥፋታቸው እሱ ነው።

መርፌውም ተወግቶ የሚረሳ አይደለም። በየጊዜው ሄማቶክሪት (ደምህ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ) ታያለህ፣ ደም ይወፍራል፣ ከ54 ፐርሰንት ካለፈ ይቆማል። እኔ 53 ገብቼ ዶዙን ቀንሰውልኛል። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ለፕሮስቴት ይታያል። ልብን በተመለከተ በ2023 ከ5 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ የተሠራው ትሬቨርስ የሚባለው ጥናት ሃርት አታክና ስትሮክ ከባዶው መድኃኒት አልበዛም ብሏል፣ እሰየው ነው፣ ግን የልብ ምት መዛባት እና ሳንባ ላይ የደም መርጋት ቴስቶስትሮን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ከዚያ በ2024 ደግሞ እዛው ጥናት ውስጥ ያሉትን ሲያዩ የአጥንት ስብራትም በዛ እንጂ አልቀነሰም፣ ሁሉም የጠበቀው በተቃራኒው ነበር።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላልከው፣ እኔ አዎ፣ ምክንያቱም ማምረቻው የሚታዘዝበት መስመር ተቆርጧል። አንተ ግን ጀምረህ ብታቆም የራስህ እስኪነሳ ድረስ ከመጀመሪያው የባሰ ወርደህ ነው የምትከርመው፣ ሰው የማያቆመው ለዚህ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያውም የተሠራው ለዚህ ይመስለኛል።


ሔዋን ነኝ

ይቅርታ እንግዲህ ሴት ሆኜ ገባሁባችሁ፣ ግን እዚህ ሁሉ ቦታ ቴስቶስትሮን የወንድ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛም አለን፣ ኦቫሪና ኩላሊት ላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ናቸው የሚያመርቱት፣ መጠኑ ግን በአሜሪካው ዩኒት ከ15 እስከ 70 አካባቢ ነው፣ ከናንተ ከአንድ አስረኛም ያነሰ በሉት። ሲበዛብን ደግሞ ጉልበት አይሆንም። እኔ 19 ዓመቴ ጀምሮ አገጬ ላይ ጸጉር፣ ብጉር፣ የወር አበባዬ በሦስት ወር አንዴ። እናቴ የአባትሽ ዘር ነው ጸጉራም ናቸው ትላለች፣ አክስቴ ብርድ ነው ትላለች፣ ጸጉሩን በክር እያስነቀልኩ ዓመታት ሄዱ። ፒሲኦኤስ (ኦቫሪ ላይ የሚታይ የሆርሞን መዛባት) መሆኑን ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ልጅ አልመጣ ሲል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 ፐርሰንት አለባቸው ይላል፣ እስከ 70 ፐርሰንቱ ደግሞ ሳይታወቅላቸው ነው የሚኖሩት።

ኢንሱሊን ሲበዛ ኦቫሪውን ቴስቶስትሮን አብዝተህ አምርት ይለዋል፣ ለዚህ ነው ክብደት መቀነስ የሚረዳን፣ 5 ፐርሰንት እንኳን። ወንዱ ላይ ውፍረት ያወርደዋል ሴቷ ላይ ይጨምረዋል፣ እንዲህ ነው እንግዲህ። የሚታዘዘው ሜትፎርሚን አለ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን አለ፣ ለጸጉሩ ስፓይሮኖላክቶን አለ፣ እሱ ግን ልጅ እየሞከሩ አይወሰድም። እህቶቼ የወር አበባችሁ እየዘለለ ጸጉር ካወጣችሁ ክር ቤት ብቻ አትመላለሱ፣ ተመርመሩ። ድንገት በጥቂት ወር ውስጥ ድምፅ ከጎረነነና ጸጉር ከበዛ ደግሞ ፒሲኦኤስ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ እጢ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ነው የሚታየው።


ጾመኛው

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰለትም። ወንድሜ ጾም ነው ያደከመህ ያለህ ጓደኛህ ጥሬ ሥጋ ስለናፈቀው ነው። እኛ ከዓመቱ ግማሹን በላይ ስንጾም የኖርን ሕዝብ ነን፣ ጾም ዘር ቢያጠፋ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር?


ላብራቶሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

ጾመኛው 😂 ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ለይተን እንይ። የጾም ምግብ በራሱ ቴስቶስትሮን አያጠፋም። አኩሪ አተር ሆርሞን ይቀንሳል የሚባለውም በ2021 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ታይተው ወንዶች ላይ እንደማይቀንስ ነው የወጣው። በሌላ በኩል ሰው በጣም ከቀነሰ፣ ማለትም ሥራው ከባድ ሆኖ የሚበላው በጣም ካነሰ፣ አካሉ ይቆጥባልና ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ጾምም ባይሆን ማለቴ ነው፣ ውድድር የሚዘጋጁ ሰውነት ገንቢዎች ላይ ይታያል። አንተ ግን ቦርጭ አውጥቻለሁ ስላልክ የምግብ ማነስ አይመስለኝም ወንድሜ። ቦርጩ ውስጥ ያለው ስብ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ ቴስቶስትሮኑን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይረዋል፣ ክብደት ስትቀንስ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ይላል። ለምርመራው ደግሞ ጾም ላይ ብትሄድ እንዲያውም ይመቸናል፣ በባዶ ሆድህ ነህ።

ብረት አንሺ አብሹን በተመለከተ፣ አብሽ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጥቂት ሰው ያላቸው ናቸው፣ ብዙዎቹም ገንዘባቸው ካፕሱሉን ከሚሸጠው ድርጅት የመጣ ነው፣ ውጤታቸውም አይስማማም። ለስኳር በሽተኛ ግን ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚያወርድ መድኃኒት እየወሰዱ አብዝቶ መጠጣት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዚንክ የሚሠራው ለጎደለው ሰው ነው።


ብረት አንሺ

እሺ አብሹን ተውኩት። እንቁላሉን አልተውም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጂም ውስጥ ስንት ልጅ ነው ያለ ሐኪም የሚወጋው መሰላችሁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሁሉ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ብልቃጥ። ይሄን የስፐርም ነገር ኮፒ አድርጌ ግሩፓችን ላይ ልለጥፈው ነው፣ ስም አልጠራም።


የሌሊት ሹፌር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመደበኛው ዶክተሬ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የእንቅልፍ ምርመራም እጠይቃለሁ። ግን ላብራቶሪ ወንድሜ አንድ የገረመኝ ነገር፣ እኔ ጠዋት የሚባል ነገር የለኝም፣ ጠዋት ማለት የኔ ማታ ነው። ሌሊቱን ነድቼ በ2 ሰዓት ደም ብሰጥ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ሚስቴ ልጅ ከወለድን ጀምሮ ነው የተቀየርከው ትለኛለች፣ እሱስ ግንኙነት ይኖረዋል?


ሲስተር (ቨርጂኒያ)

ሚስትህ ልክ ልትሆን ትችላለች። ፊሊፒንስ ሴቡ ውስጥ 624 ወጣቶችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው በ2011 ባወጡት ጥናት፣ መጀመሪያ ቴስቶስትሮናቸው ከፍ ያለው ናቸው ቶሎ ሚስትና ልጅ ያገኙት፣ አባት ከሆኑ በኋላ ግን ካላገቡት ይልቅ በደንብ ወረደ፣ ልጃቸውን ራሳቸው በቀን ለብዙ ሰዓት የሚንከባከቡት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። በሽታ አይደለም እሱ። አንተ ቀን ቀን ከልጅህ ጋር ነህ ያልከው አይደል?


ላብራቶሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

የሌሊት ሠራተኛ ጉዳይ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዓቱን ሳይሆን እንቅልፍህን ተከተል፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን ዕረፍት ወስደህ ሌሊት ተኝተህ ጠዋት ብትሰጥ በጣም ጥሩ ነው፣ ካልተቻለ ግን ረዘም ያለ እንቅልፍ ተኝተህ በተነሳህ በ2፣ 3 ሰዓት ውስጥ፣ ምንም ሳትበላ። ወረቀቱ ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተኛህ አጽፍ፣ አለበለዚያ ዶክተሩ ሰዓቱን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። ጉንፋን፣ ትኩሳት ምናምን ላይ ሆነህም አትሂድ፣ ሕመም ለጊዜው ያወርደዋል። ደግሞ ለጸጉር ብለህ ባዮቲን የምትወስድ ከሆነ ቀድመህ ተናገር፣ አንዳንዱ ማሽን ላይ ቴስቶስትሮኑን በውሸት ከፍ አድርጎ ያወጣዋል።


የሌሊት ሹፌር

ባዮቲን ሚስቴ ናት የምትወስደው፣ እኔም አንዳንዴ ከሷ እየሰረቅኩ እውጣለሁ፣ የራሴ ጸጉር መሳሳት ስለጀመረ። ስንት ቀን በፊት ላቁም?


ላብራቶሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

ቢያንስ 3 ቀን። ያ 10 ሺህ ማይክሮግራም የሚል ጠርሙስ ከሆነ ጠርሙሱንም ፎቶ አንስተህ ላቡ ጋ አሳያቸው።